አክሴፕታንስ ቴስት በብዙ ማሽኖች ላይ ማስኬድ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላለን ቡድን ምን ይሻላል?

የሰኞገበያ ልጅ | ደሴ

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች።

ደሴ ላይ ያለን ትንሽ የሶፍትዌር ቡድን ነን። ለጅምላ ነጋዴዎች የመጋዘንና የሽያጭ ሲስተም እንሰራለን። ሲስተሙ በብራውዘር ነው የሚከፈተው። ደንበኞቻችን ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ ናቸው። አንዳንዱ አዲስ ላፕቶፕ አለው፤ አብዛኛው ግን ዊንዶውስ 10 ያለበት አሮጌ ዴስክቶፕ ነው የሚጠቀመው።

እስካሁን አዲስ ቨርዥን ከመልቀቃችን በፊት ሁሉንም በእጅ ነበር የምንሞክረው። ዕቃ ይገባል፣ ይሸጣል፣ ተመላሽ ይመዘገባል፣ የዱቤ ሂሳብ ይታያል፣ የቀኑ ሂሳብ ይዘጋል። አድካሚ ነው። ሰው ሲደክመው ደግሞ ሳያየው የሚያልፈው ነገር አይጠፋም። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን አክሴፕታንስ ቴስቶች (ሲስተሙ ለደንበኛው ስራ ልክ መሆኑን የሚያዩ ፈተናዎች) በፓይተን ቋንቋና ብራውዘርን እንደ ሰው በሚያንቀሳቅስ ሴሌኒየም በሚባል መሳሪያ ጻፍናቸው። ይሰራሉ። ችግሩ አንድ ኮምፒውተር ላይ በተራ ሲሄዱ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃሉ። ጠዋት ስንገባም ገና አላለቁም።

ቢሮ ውስጥ ማታ ማታ ስራ ፈተው የሚያድሩ ዴስክቶፖች አሉን። ግማሾቹ ዊንዶውስ፣ ግማሾቹ ኡቡንቱ ናቸው። ኮምቦልቻ ቢሯችንም እንዲሁ። ቴስቶቹን በነዚህ ሁሉ ላይ ማከፋፈል ፈልገናል። በሁለት ማሽን ስንጀምረው ግን አንዱ ላይ የሚያልፈው ቴስት ሌላው ላይ ይወድቃል። በማግስቱ ደግሞ ይገላበጣል።

ቴስቶችን ለብዙ ማሽን የሚያከፋፍለው ሴሌኒየም ግሪድ ይበቃናል? ሁለቱን ከተማ በአንድ ማያያዝስ ያዋጣል? መብራት እልም ሲልስ ምን እናድርግ? የሰራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ አትሰስቱ።

ቦርከና | ኮምቦልቻ

እህቴ አብሽሪ፣ የሚቻል ነገር ነው።

ግሪድ ለናንተ ይበቃል። አንዱን ማሽን ሀብ ታደርጉታላችሁ፣ ሌሎቹን ኖድ። ቴስቱ ሀብን «ክሮም በዊንዶውስ ስጠኝ» ይለዋል፤ ሀብ ደግሞ ባዶ ኖድ ፈልጎ ያገናኘዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ግሪድ 4 ውስጡ ተከፋፍሎ ብዙ ቁርጥራጭ ሆኗል፣ ራውተር፣ ዲስትሪቢዩተር፣ የሴሽን ወረፋ እየተባለ። እሱ ትልልቅ ድርጅቶችን ይመለከታል። እናንተ ሀብና ኖድ ብቻ አስነሱ። ጃቫ 11 ወይም ከዚያ በላይ ይኑራችሁ።

ሰው ሁሉ የሚደናቀፍበትን ልንገርሽ። ፖርት (የኔትወርክ በር) 4444 ክፍት ከሆነ ይበቃል ይባላል። አይበቃም። ኖዶቹ ከሀብ ጋር የሚነጋገሩት በ4442 እና በ4443 ነው። ከዚያ ደግሞ ሀብ ራሱ ተመልሶ ኖዱን በ5555 ማግኘት አለበት። የዊንዶውስ ፋየርዎል ይሄንን የመልስ መንገድ ይዘጋና ኖዱ ሳይመዘገብ ይቀራል፣ ወይም ብቅ ጥልቅ ይላል። መንገዱ የሁለት አቅጣጫ መሆኑን አትርሱ።

ሌላው፣ ኖድ ሲነሳ ማሽኑ ስንት ኮር እንዳለው አይቶ በዚያ ልክ ብራውዘር እከፍታለሁ ይላል። አሮጌ ዴስክቶፕ 4 ኮር ኖሮት ራሙ 4 ጊጋ ቢሆን 4 ክሮም አይችልም። ይንተፋተፋል፤ ቴስቱም ጊዜው አልፎ ይወድቃል። ቁጥሩን ራሳችሁ ወስኑለት። ለእንዲህ ያለ ማሽን አንድ ወይም ሁለት ይበቃዋል።

ገራዶ | ኮምቦልቻ

እኔ ተማሪ ነኝ፣ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ብራውዘር ወደሚያንቀሳቅሰው ሌላ መሳሪያ፣ ወደ ፕሌይራይት፣ ለምን አትቀይሩም? ሀብ የሚባል ነገር የለውም። ሻርድ በሚለው አማራጭ ለአንዱ ማሽን «ከሦስት አንዱን ያዝ»፣ ለሌላው «ከሦስት ሁለተኛውን ያዝ» ትሉታላችሁ። መጨረሻ ላይ ሪፖርቶቹን ያዋህድላችኋል። ኤለመንቱ (ገጹ ላይ ያለው ቁልፍ ወይም ሳጥን) እስኪመጣም ራሱ ይጠብቃል፣ በየቦታው ስሊፕ (ይህን ያህል ሰከንድ ቁም የሚል ትዕዛዝ) አይጻፍም።

ቦርከና | ኮምቦልቻ

ወንድሜ ሀሳብህ ጥሩ ነው። ከዜሮ የሚጀምር ሰው ቢጠይቀኝ እኔም እሱን እል ነበር። እነሱ ግን ቴስቶቻቸውን ጽፈው ጨርሰዋል። ደግሞ ያ ሻርድ የምትለው ከፓይተን ሳይሆን ከፕሌይራይት የራሱ የጃቫስክሪፕት ቴስት ማስኬጃ ጋር ነው የሚመጣው። በፓይተን ሌላ መላ ያስፈልጋል።

ሀረጎ | ኮምቦልቻ

ውይይቱ ወደ መሳሪያ ምርጫ ሄደ። መሳሪያው ቀላሉ ክፍል ነው። እህታችን የጻፈችውን አንድ ዓረፍተ ነገር መልሳችሁ አንብቡት፦ «አንዱ ላይ የሚያልፈው ሌላው ላይ ይወድቃል፣ በማግስቱ ይገላበጣል»። ይሄ የግሪድ ችግር አይደለም። ፕሌይራይት ብትጠቀሙም አብሯችሁ ይሄዳል።

ቴስቶቻችሁ እርስ በርስ ተሳስረዋል። በተራ ሲሄዱ ትስስሩ አይታይም፤ ባንድ ጊዜ ሲሄዱ ይፈነዳል። ነገሩ ሁለት ሰው አንድ ሚዛን ላይ እኩል ዕቃ እንደመጫን ነው፣ ሚዛኑ ልክ ነው፣ ንባቡ ግን የማንም አይደለም። አንደኛው ቴስት «ስኳር 50 ኩንታል አስገባ፣ 10 ሽጥ፣ 40 ይቀራል» ይላል። በዚያው ሰዓት ሌላ ማሽን ላይ ያለው ቴስት ያንኑ ስኳር 5 ኩንታል ይሸጣል። የመጀመሪያው 35 ያነብና ይወድቃል። ፕሮግራሙ ምንም አላጠፋም።

ስለዚህ ግሪዱን ለጊዜው ተዉትና አንዱ ማሽን ላይ ቴስቶቹን ቅደም ተከተላቸውን አዘበራርቃችሁ አስኪዷቸው። ለፓይቴስት (ለፓይተን ቴስት ማስኬጃው) ይሄን የሚያደርጉ ተጨማሪ ፕለጊኖች አሉ። ሲዘበራረቁ የሚወድቁት ሁሉ ከፊታቸው የሄደ ቴስት ትቶላቸው በሄደው ነገር የሚኖሩ ናቸው። እነሱን ሳታስተካክሉ ወደ ሁለተኛ ማሽን አትሂዱ።

ማስተካከያው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው እያንዳንዱ ቴስት የራሱን ነገር ይዞ እንዲመጣ ማድረግ ነው። የራሱን መጋዘን፣ የራሱን ዕቃ፣ የራሱን ደንበኛ ይፍጠር። ስማቸው ላይ የማሽኑንና የሰዓቱን ምልክት ይጨምር። እነዚህን በስክሪን እየተጫነ መፍጠር የለበትም፤ በኤፒአይ (ፕሮግራም ከፕሮግራም በሚነጋገርበት መንገድ) ወይም ቀጥታ ዳታቤዙ ላይ ይፍጠራቸው። ብራውዘር የሚከፈተው ልንፈትነው ለፈለግነው ነገር ብቻ ነው። ይሄ ብቻውን ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጀውን ስራ በጣም ያሳጥረዋል። ብዙ ቴስት ውስጥ ጊዜ የሚበላው ዋናው ፈተና አይደለም፣ ሎግ ኢንና ዝግጅቱ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ለእያንዳንዱ ማሽን የራሱን ዳታቤዝና የራሱን የሲስተሙን ቅጂ መስጠት ነው። ዳታቤዛችሁ ፖስትግሬስ ከሆነ አንድ ንጹህ ዳታቤዝ አዘጋጅታችሁ ቴምፕሌት (መቅጃ ናሙና) ታደርጉታላችሁ። ከሱ እየቀዳችሁ ለየማሽኑ ትሰጣላችሁ። ቅጂው ፈጣን ነው። ሲቀዳ ቴምፕሌቱ ላይ ማንም የተገናኘ ሰው መኖር የለበትም፣ አለበለዚያ እምቢ ይላል።

የደረሰኝ ቁጥርና የቀን መዝጊያ ግን በመጀመሪያው መንገድ አይፈቱም። የቀን መዝጊያ የሁሉንም ሽያጭ ነው የሚደምረው። ስለዚህ ለሁለት ዓይነት ቴስት ሁለቱንም መንገድ ታጣምራላችሁ። እኔ ብሆን ለየማሽኑ የራሱን ዳታቤዝ ሰጥቼ እጀምር ነበር፤ የቀረውን ቀስ ብዬ አስተካክላለሁ።

የሰኞገበያ ልጅ | ደሴ

ጋሽ ሀረጎ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልክ እንዳሉት ነው። አዘበራርቀን ስናስኬዳቸው የተመላሽ ዕቃ ቴስቶች በሙሉ ወደቁ። ሽያጩ ቀድሞ እንዲሄድ ይጠብቁ ነበር። አሁን ለየማሽኑ የራሱን ዳታቤዝ ሰጥተናል፣ የተመላሾቹንም የራሳቸውን ሽያጭ ይዘው እንዲነሱ እያደረግን ነው። ግልብጥብጡ በብዛት ቆሟል።

የቀሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ፣ ኡቡንቱዎቹ ላይ ስክሪንሹቱ አማርኛውን ባዶ ሳጥን አድርጎ ነው የሚያሳየው። «ሽያጭ» የሚለው ቁልፍ ስፋቱም ይለያል፣ ሌላ ነገር ላይ ይደረባል። ሁለተኛው የባሰ ነው። የዕለት ሽያጭ ሪፖርት ቴስት ቀን ስናስኬደው ሁሌም ያልፋል። ሌሊት ኡቡንቱዎቹ ላይ ብቻ ይወድቃል። ዊንዶውሶቹ ላይ አይወድቅም። ዳታቤዛቸው ለየብቻ ነው፣ ሲስተሙም እያንዳንዱ ማሽን ላይ ለብቻው ነው የተነሳው። ምን ሊሆን ይችላል?

ጦሳ | አዲስ አበባ (የደሴ ልጅ)

ሳጥኑ የፎንት ነገር ነው። አነስተኛ የኡቡንቱ ጭነት ላይ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ላይኖር ይችላል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጫኑበት። ዊንዶውስ ኢብሪማ አለው፣ ቀድሞ ደግሞ ኒያላ ነበር። ፎንቱ ሲለያይ የቃሉ ስፋት ይለያያል፣ ቁልፉም ይሰፋል ወይም ይጠባል። ከሁሉም የሚሻለው ፎንቱን ከሲስተሙ ጋር አብራችሁ በዌብ ፎንት መላክ ነው። ያኔ ደንበኛው የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ቢሆን አንድ ዓይነት ያያል። ቴስታችሁ ይሄን ማሳየቱ ጥሩ ነገር ነው፤ እውነተኛ ደንበኛ ላይ ሊደርስ የሚችል ነው ያገኛችሁት።

ስለ ሌሊቱ፦ የሚወድቀው ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው?

የሰኞገበያ ልጅ | ደሴ

አሁን ሎጉን አየሁት። አዎ! ሁሉም በዚያ መሃል ናቸው። እንዴት አወቅክ?

ጦሳ | አዲስ አበባ (የደሴ ልጅ)

ኡቡንቱዎቹ ዩቲሲ በሚባለው የዓለም መነሻ ሰዓት ላይ ናቸው። የኛ ሰዓት ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ይቀድማል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው እኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት የምንለው ጊዜ ላይ ነው። ዩቲሲ ላይ ያለ ማሽን ግን ቀኑን የሚለውጠው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ የ3 ሰዓት ክፍተት ውስጥ ሽያጩ በአንዱ ሰዓት ይመዘገባል፣ ሪፖርቱ በሌላው ቀን ይፈለጋል። ዊንዶውሶቹ «ናይሮቢ» የሚለው የሰዓት ክልል ላይ ስለሆኑ አይነካቸውም።

ኡቡንቱዎቹን አፍሪካ ስር አዲስ አበባ የሚለው ላይ አድርጓቸው። ግን በዚህ ብቻ አትለፉት። የምትለቁት እውነተኛው ሰርቨር በምን ሰዓት ላይ ነው? የተከራያችሁት ሰርቨር ከሆነ ዩቲሲ ላይ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ጭነት ተቀብሎ የሚመዘግብ መጋዘን ካላችሁ ሪፖርቱ እሱ ላይ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል።

የሰኞገበያ ልጅ | ደሴ

አለን እኮ! ከጅቡቲ መስመር የሚመጣ ጭነት ሌሊት የሚያራግፍ ደንበኛ አለን። ሰርቨሩን አሁኑኑ አያለሁ።

ቦርከና | ኮምቦልቻ

ሰዓት ከተነሳ አንድ ልጨምር። አሮጌ ዴስክቶፖች ማዘርቦርዳቸው ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ትሞታለች። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያ ብራውዘሩ የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፊኬቱን «ገና አልጸናም» ብሎ አይከፍትም። ሰው ኔትወርክ ነው ብሎ ይደክማል። ባትሪዋን ቀይሩ፣ ሁሉንም ማሽን ደግሞ ከአንድ የሰዓት ሰርቨር ጋር በኤንቲፒ አያይዟቸው። ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ ቢሮ ውስጥ ያለው አንዱ ማሽን ለሌሎቹ ሰዓት መስጠት ይችላል። የየማሽኑን ሎግ ጎን ለጎን ለማንበብም ሰዓታቸው አንድ መሆን አለበት።

ደሴንና ኮምቦልቻን ስለማገናኘት፦ በዋየርጋርድ ቪፒኤን (ሁለቱን ቢሮ በኢንተርኔት ላይ የሚያገናኝ የተከለለ መስመር) ሰርታችሁ ሁሉንም በአንድ ሀብ ስር ማድረግ ትችላላችሁ። ሀብን ግን ፈጽሞ ለኢንተርኔት ክፍት አታድርጉት። ግሪድ በራሱ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2024 የደህንነት ባለሙያዎች እንዲህ ክፍት የተተዉ ግሪዶች ክሪፕቶ ለማውጣት ሲበዘበዙ አግኝተዋል።

ሀረጎ | ኮምቦልቻ

ቪፒኤኑ ትክክል ነው። በአንድ ሀብ ስር ማድረጉን ግን አልደግፍም። ምክንያቴን ላስረዳ።

ሴሌኒየም እያንዳንዷን ትዕዛዝ ለብቻዋ ነው የሚልከው። ኤለመንት ፈልግ፣ አንድ ጥያቄ። ተጫን፣ ሌላ ጥያቄ። ጽሑፉን አንብብ፣ ሌላ ጥያቄ። ኤለመንቱ እስኪታይ እየደጋገመ ሲጠይቅ ደግሞ እያንዳንዱ ሙከራ አንድ ጥያቄ ነው። ቴስቱ ደሴ ሆኖ ብራውዘሩ ኮምቦልቻ ሲሆን እነዚህ ሁሉ በመስመሩ ላይ ይመላለሳሉ። ሁለቱ ከተሞች መሃል በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኢንተርኔቱ መንገድ ግን እንደ መኪናው በሀረጎ ቁልቁለት ነው የሚወርደው ያለው ማን ነው? አዲስ አበባ ደርሶ ሊመለስ ይችላል። መስመሩ ለአፍታ ቢቆራረጥ ቴስቱ መሃል ላይ ይሞታል።

ስለዚህ ትዕዛዝ በመስመር አትላኩ፣ ስራውን ላኩ። ስራን በራሱ አስነስቶ ለብዙ ማሽን የሚያከፋፍል ጄንኪንስ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ኮምቦልቻ ላይ የሱን ኤጀንት (ስራውን ተቀብሎ የሚያስኬደውን) አስቀምጡ። ኤጀንቱ ደሴ ካለው ጄንኪንስ «የዛሬ ማታ ድርሻህ ይሄ ነው» የሚለውን ይቀበላል። ኮዱን ያወርዳል። ቴስቱም፣ ብራውዘሩም፣ የሲስተሙ ቅጂም፣ ዳታቤዙም እዚያው ኮምቦልቻ ናቸው። መጨረሻ ላይ ሪፖርቱን ብቻ ይልካል። ኤጀንቱ ራሱ ወደ ደሴ ደውሎ የሚገናኝበት መንገድ ስላለ ኮምቦልቻ በኩል ፖርት መክፈት አያስፈልግም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የጄንኪንስ ግንኙነቱ ራሱ መሃል ላይ ሲበጠስ የያዘው ስራ ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ ቴስቱን የሚያስነሳው ስክሪፕት ማሽኑ ላይ ራሱን ችሎ እንዲሄድ፣ ውጤቱንም እዚያው ፋይል ላይ እንዲጽፍ አድርጉት። መስመሩ ሲመለስ ፋይሉ ይወሰዳል።

ቦርከና | ኮምቦልቻ

ጋሽ ሀረጎ፣ በትዕዛዙ መመላለስ እስማማለሁ። ግን ሁለት ስርዓት መጠበቅ ለትንሽ ቡድን ሸክም ነው። ጄንኪንስም ግሪድም? ማን ይንከባከበዋል?

ሀረጎ | ኮምቦልቻ

ግሪዱን ሙሉ በሙሉ መተው ይችላሉ። እያንዳንዱ ማሽን ኤጀንት ሆኖ የራሱን ብራውዘር ራሱ ከከፈተ ሀብ አያስፈልግም። ግሪድ የሚጠቅመው አንድ ቢሮ ውስጥ፣ በፈጣን ኔትወርክ፣ ብዙ ዓይነት ብራውዘር በጋራ ለመጠቀም ነው። እነሱ ያላቸው ሁለት ቢሮና ቀጭን መስመር ነው።

ቦርከና | ኮምቦልቻ

እንዲያ ከሆነ እስማማለሁ። ሀብ የሌለው ይቅለላቸው።

ጦሳ | አዲስ አበባ (የደሴ ልጅ)

ኤጀንት ዊንዶውስ ላይ ስትጭኑ ተጠንቀቁ። እንደ ሰርቪስ ከጫናችሁት ዊንዶውስ ሰርቪሶችን ለብቻው በተከለለ ሴሽን ውስጥ ነው የሚያስኬደው፣ ከቪስታ ጀምሮ እንደዚያ ነው። የሚታይ ዴስክቶፕ የለም። ብራውዘሩ በሄድለስ (ያለ ስክሪን) ከሄደ ላይታወቃችሁ ይችላል። ስክሪን የሚፈልግ ቴስት ግን ያለ በቂ ምክንያት ይወድቃል። ለዚያ ብለን ቴስት ብቻ የሚገባበት የተጠቃሚ ስም እንፈጥራለን፤ ማሽኑ ሲነሳ በራሱ ይገባል፣ ኤጀንቱም ስታርትአፕ ላይ ይነሳል። እዚያ ማሽን ላይ ሌላ ሚስጥር ያለው ነገር አይቀመጥ።

በሪሞት ዴስክቶፕ ገብታችሁ ስትወጡም ስክሪኑ ይቆለፋል፣ ቴስቱም አብሮ ይቆማል። ለማየት ብቻ ከሆነ ቪኤንሲ ተጠቀሙ።

ክሮም ደግሞ በራሱ እየታደሰ ከድራይቨሩ (ሴሌኒየም ክሮምን ከሚያዝበት ፕሮግራም) ጋር ይጣላል። አዲሶቹ ሴሌኒየሞች ድራይቨሩን ራሳቸው ያወርዳሉ፤ ኢንተርኔት በሌለበት ሌሊት ግን ማውረጃ የለም። «ክሮም ፎር ቴስቲንግ» የሚባለው በራሱ አይታደስም። እሱንና ድራይቨሩን አንዴ አውርዳችሁ በቢሮው ኔትወርክ ላይ አስቀምጡ። ሁሉም ማሽን ከዚያ ይውሰድ።

ገራዶ | ኮምቦልቻ

ስለ መብራቱ ማንም አልመለሰም። ግቢያችን ላብ ውስጥ የምናደርገውን ልናገር። ባዮስ ውስጥ ኃይል ሲመለስ ማሽኑ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ አማራጭ አለ። ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፣ ክፈቱት። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ለሁሉም መግዛት ካልተቻለ ለጄንኪንሱ ሰርቨር፣ ለራውተሩና ለስዊቹ ብቻ ይበቃል። ዴስክቶፖቹ ቢጠፉም ስራውን የሚያከፋፍለው ሰርቨር ስለሚቆይ የትኛው ድርሻ እንዳላለቀ ያውቃል።

ሲመለስ ያላለቀው ድርሻ ንጹህ ዳታቤዝ ተቀድቶለት ከመጀመሪያው ይጀምር። ከመሃል ማስቀጠል አይሞከርም፣ ግማሽ የተጻፈ ዳታ ይኖራል። ለዚህ ነው ድርሻው ትንንሽ መሆን ያለበት። ትልቅ ከሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ብዙ ስራ ይባክናል።

ቦርከና | ኮምቦልቻ

ጎበዝ! በዚህ ላይ የወደቀ ቴስት አንዴ እንዲደገም አድርጉ። በድጋሚ ካለፈ ይለፍ።

ሀረጎ | ኮምቦልቻ

በዚህ አልስማማም። ድጋሚ ያለፈ ቴስት አለፈ ተብሎ ከተጻፈ ያ የሌሊት 6 ሰዓቱ ችግር መቼም አይገኝም ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ሲደገም ያልፋላ! ማሽኑ ጠፍቶ ወይም ብራውዘሩ ሞቶ ከሆነ ይደገም፣ እሱ የቴስቱ ውጤት አይደለም። ቴስቱ ራሱ «40 ጠብቄ 35 አገኘሁ» ብሎ ከሆነ ግን ሰው ያየው።

ቦርከና | ኮምቦልቻ

ሁሉንም የሚያይ ሰው ከየት ይመጣል? ለኔ ይደገምና ግን ሪፖርቱ ላይ «በድጋሚ ያለፈ» ተብሎ ለብቻው ቀለም ይሰጠው። ሳምንታዊ ስብሰባ ላይ ይታይ።

ሀረጎ | ኮምቦልቻ

ለብቻው ከተጻፈና በእርግጥ ከታየ ግድ የለም። ካልታየ ግን ቀለሙ ብቻውን ምንም አያደርግም።

የሰኞገበያ ልጅ | ደሴ

ሁለታችሁንም እያነበብኩ ነው። ለጊዜው የጋሽ ሀረጎን እንይዛለን፣ ምክንያቱም የሌሊቱን ችግር ያገኘነው ባለመደጋገማችን ነው። ሰርቨሩንም አየሁት፣ ዩቲሲ ላይ ነው። የደንበኛችን የሌሊት ጭነት በእርግጥ ባለፈው ቀን ላይ እየተመዘገበለት ነበር። ደውለን ነግረነዋል፣ እያስተካከልን ነው።

አንድ ሌላ ጥያቄ። አለቃችን «ቴስቱ አለፈ ስትሉኝ ለኔ ምን ማለት ነው? እኔ አላነበውም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ደንበኛውም አያነበውም።

ሀረጎ | ኮምቦልቻ

ይሄ ከሁሉም የሚበልጥ ጥያቄ ነው። አክሴፕታንስ ቴስት የሚባለው ባለቤቱ «አዎ፣ ስራዬ እንዲህ ነው፣ ተቀብያለሁ» የሚልበት ስለሆነ ነው። ባለቤቱ የማያነበው ከሆነ እናንተ ለራሳችሁ የሰራችሁት ፈተና ነው።

መጋዘን ጠባቂው ጋ ሄዳችሁ ተቀመጡ። ቀኑን እንዴት እንደሚጀምር፣ ዕቃ ሲጎድል ምን እንደሚያደርግ፣ ዱቤ ለማን እንደሚከለክል ይንገራችሁ። በሱ አነጋገር ጻፉት። ኪዩከምበር የሚባለው መሳሪያ ቴስትን በተራ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ነው የተሰራው፤ ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች አማርኛ አንዱ ነው። ፓይተን ላይ ከሆናችሁ ሮቦት ፍሬምወርክም አለ፣ ፊንላንድ ውስጥ ኖኪያ ላይ የተጀመረ ነው። የእርምጃዎቹን ስም በአማርኛ መጻፍ ትችላላችሁ። ከስር ያለው የሴሌኒየም ኮዳችሁ አይጣልም፣ የአማርኛው ዓረፍተ ነገር እሱን ይጠራዋል።

ለምሳሌ እንዲህ ይነበባል፦ «አንድ ደንበኛ የዱቤ ጣሪያው 20,000 ብር ነው። 18,000 ብር ዕዳ አለበት። የ3,000 ብር ዕቃ በዱቤ ሲጠይቅ ሲስተሙ ይከለክላል፣ ቀሪው 2,000 ብር መሆኑንም ያሳያል።» ይሄን ነጋዴው አንብቦ «አይ፣ እኔ ለነባር ደንበኛ አልከለክልም፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይበቃል» ሊላችሁ ይችላል። እንዲህ ያለውን ከመልቀቅ በፊት መስማት ከሁሉም ማሽኖቻችሁ ፍጥነት ይበልጣል።

ሁሉንም በዚህ መንገድ አትጻፉ። ነጋዴው የሚከራከርባቸውን ብቻ። የቀረው በፓይተኑ ይቆይ።

ጦሳ | አዲስ አበባ (የደሴ ልጅ)

እስማማለሁ። በዚህ ላይ ፍለጋውን ጨምሩበት። አንዱ ሰራተኛ «ፀጉር ቅባት» ብሎ ያስገባውን ሌላው «ጸጉር ቅባት» ብሎ ይፈልገዋል። ካልተገኘ አዲስ ዕቃ ብሎ ይመዘግበዋል፣ ክምችቱ ሁለት ቦታ ይከፈላል።

የሰኞገበያ ልጅ | ደሴ

ይሄ በተደጋጋሚ የምንሰማው ቅሬታ ነው። እንጨምራለን።

አሁን ያለንበትን ልጻፍ፣ በኋላ ለሚያነብ ሰው ይጠቅመዋል። ሀብ የለንም። ጄንኪንስ ደሴ ነው፣ ከራውተሩና ከስዊቹ ጋር ዩፒኤስ ላይ። እያንዳንዱ ዴስክቶፕ ኤጀንት ነው። ኮምቦልቻዎቹ በዋየርጋርድ ወደ ደሴ ይደውላሉ። ሁሉም የራሱ ዳታቤዝ፣ የራሱ የሲስተም ቅጂና አንድ ዓይነት ክሮም አለው። አሮጌዎቹን ዊንዶውሶች ሆን ብለን ሳናወጣ አቆይተናል፣ ደንበኛው የሚጠቀመው እሱን ነውና። ሌሊት የተነሳው ጠዋት ከመግባታችን በፊት ያልቃል። የዱቤውን ቴስት በአማርኛ ጽፈን ለአንድ ደንበኛ አሳየነው፤ ልክ እንደተባለው ሁለት ቦታ ላይ አስተካከለን።

አሁን የጨነቀን የቀን መቁጠሪያው ነው። ሪፖርቶቻችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። የትኞቹን ቀኖች እንፈትን?

ጦሳ | አዲስ አበባ (የደሴ ልጅ)

ጳጉሜን 6ን አትዝለሉ። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በየ4 ዓመቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. ነበረች፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2023 ላይ ውላለች። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016 በፈረንጆቹ መስከረም 12 ነበር። በ2017 ግን አዲስ ዓመት ወደ መስከረም 11 ተመልሷል። «አዲስ ዓመት ሁሌም መስከረም 11 ነው» ብሎ የተጻፈ ኮድ በ2016 ከዘመን መለወጫ አንስቶ እስከ ፈረንጆቹ የካቲት መጨረሻ በአንድ ቀን ይዛነፋል። ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ 1ንም ጨምሩ፣ የበጀት ዓመት መጀመሪያ ነው።

ሀረጎ | ኮምቦልቻ

የብራውዘሩን ሰዓት ብቻ ቀይራችሁ አትፈትኑ። ቀኑን የሚወስነው ሰርቨሩ ነው። ሲስተሙ «ዛሬ ስንት ነው?» የሚለውን ከአንድ ቦታ ብቻ እንዲጠይቅ አድርጉና ቴስቱ እዚያ ቦታ ላይ የሚፈልገውን ቀን ይስጠው። የማሽኑን ሰዓት አትንኩ፣ ሰርተፊኬቱም ሎጉም ይበላሽባችኋል።

የሰኞገበያ ልጅ | ደሴ

ቀኑን የሚጠይቀው ኮድ ብዙ ቦታ ተበትኗል። መሰብሰቡን ዛሬ እንጀምራለን፣ የጳጉሜን 6 እና የሐምሌ 1 ቴስቶች ደግሞ ወደ ማታው ዝርዝር ይገባሉ። የሚያገኙትን እዚሁ እለጥፋለሁ።